በአምስት ቀን የተበተነ ቡድን



ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተጨናንቋል። ፕሮፋይል ፎቶዬ ላይ ያደረግኩት ኮፍያ የምን ድርጅት ነው? ኮፍያው አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ ቢጫ ነው። አንድ ወንድማችን ኮሜንት ላይ «ቀዩን የት ጣልከው?» ብሎ ጽፎልኛል። አንዲት እህት ደግሞ አዲስ ፓርቲ የተቋቋመ መስሏት «አንተም ገባህ እንዴ?» አለችኝ። ተረጋጉ፤ ፓርቲ አይደለም። የኦክላንድ አትሌቲክስ የሚባል የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ኮፍያ ነው። እንዲያውም አሁን የኦክላንድ አይባልም። እሱን ነው ዛሬ የማወራችሁ። ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

እህቴ በሪሴትልመንት ከናይሮቢ ወጥታ ኦክላንድ ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ልጇ የተወለደው እዚያ ነው። አጎቱን የሚያውቀው በስልክ ብቻ ነው። የእሱ አማርኛ «አጎቴ ደህና ነህ» ላይ ያልቃል፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የኢንተርቪው እንግሊዝኛ ነው፤ ከየት እንደመጣሁ፣ ለምን እንደወጣሁ፣ ስንት ዓመት እንደቆየሁ። ከሕፃን ልጅ ጋር ይህን አታወራም። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ ስልኩን ፊቱ ላይ ይደግኑለታል፣ እሱ ይሽኮረመማል፣ እኔ እስቃለሁ፣ ያልቃል።

ሰባት ዓመት ሲሞላው አባቱ ስታዲየም ይወስደው ጀመር። የእህቴ ባል ታክሲ ነጂ ነው፤ የኦክላንድ ኮሊሲየም ከአየር ማረፊያው ብዙም አይርቅም፤ ትኬቱም ከሌሎች ቡድኖች አንጻር ርካሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጁ ሲደውል የሚያወራው አገኘ። ፕላስቲክ ሳህኖች ምንጣፍ ላይ ደርድሮ የመጀመሪያ ቤዝ፣ ሁለተኛ ቤዝ፣ ሦስተኛ ቤዝ እያለ አስተማረኝ። ኢስሊ ውስጥ ክፍሌ ተቀምጬ ሆም ራን ምን እንደሆነ የገባኝ ከአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። የማታ ጨዋታቸው የሚጀመረው በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። ለጸሎት የሚነሱ ጎረቤቶቼ መብራቴን ሲያዩ እኔም ለጸሎት የተነሳሁ ይመስላቸው ነበር። ዳታ ስለሚበላ ቪዲዮ አላይም፤ ቁጥሩን ብቻ እከታተላለሁ። ጠዋት እሱ ከመተኛቱ በፊት ይደውላል፣ ሁለታችንም የምናውቀውን እንነጋገራለን።

ቡድኑም ደህና ቡድን ነበር። በ2018 እና በ2019 በእያንዳንዱ ዓመት 97 ጨዋታ አሸንፏል። በ2020 ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ከሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከሚከፍሉት ተርታ ሆኖ ነው ይህን ያደረገው። ልጁ ሁለት ሰዎችን ይወድ ነበር። የመጀመሪያ ቤዝ የሚጠብቀውን ማት ኦልሰንንና ሦስተኛ ቤዝ የሚጠብቀውን ማት ቻፕማንን። ሁለቱም ከሌላ ቡድን የተገዙ አይደሉም። ኦልሰን በ2012፣ ቻፕማን በ2014 በወጣቶች ምርጫ ተመርጠው እዚያው ቤት አድገው የወጡ ናቸው። ለልደቱ እህቴ የኦልሰንን 28 ቁጥር መለያ ገዛችለት። ትርፍ ሰዓት ሠርታ ነው የገዛችው፤ ዋጋውን ስትነግረኝ ወደ ኤምፔሳ ሒሳብ ቀይሬ የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ መሸርሸር የጀመረው ከ2020 ውድድር በኋላ ነው። ማርከስ ሲሚየን የሚባል ተጫዋች ነበራቸው፤ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፣ ያደገው ከኦክላንድ ወደ ሰሜን ትንሽ ፈቅ ብላ ባለችው ኤል ሴሪቶ ነው። ኮንትራቱ አለቀ። ቡድኑ አቀረበለት ተብሎ በወቅቱ የተዘገበውን ልንገራችሁ። ለአንድ ዓመት ሥራ 12.5 ሚሊዮን ዶላር፤ ነገር ግን 10 ሚሊዮኑ በየዓመቱ አንድ አንድ ሚሊዮን እየተባለ በአሥር ዓመት የሚከፈል። በእኛ ሰፈር ይህ ዱቤ ይባላል። ሲሚየን ወደ ቶሮንቶ ሄደ፣ በ18 ሚሊዮን። በዚያው ዓመት 45 ሆም ራን መታ፤ ሁለተኛ ቤዝ ከሚጫወቱ ሰዎች በአንድ ዓመት ይህን ያህል የመታ ከእሱ በፊት አልነበረም። ልጁ በሰዓቱ «ኦልሰንና ቻፕማን አሉ» ብሎ ተጽናና።

በ2021 መጨረሻ ደግሞ አሰልጣኙ ቦብ ሜልቪን ሄደ። አሥር ዓመት በላይ የቆየ ሰው ነው፤ ኮንትራት እያለው፣ ምንም ካሳ ሳይጠየቅበት ወደ ሳን ዲዬጎ እንዲሄድ ፈቀዱለት። አሰልጣኝህን እንዲህ በነጻ ስትለቅ ለሚቀጥለው ዓመት ያሰብከው ነገር የለም ማለት ነው። ከዚያ በታኅሣሥ መጀመሪያ በቡድን ባለቤቶችና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል የነበረው ስምምነት ስላለቀ ባለቤቶቹ በሩን ዘጉ። 99 ቀን ማንም ቡድን ተጫዋቹን ማነጋገር አልቻለም። ክረምቱን በሙሉ ልጁ ሲደውልልኝ «ምንም አዲስ ነገር የለም» ይለኛል፤ እኔም ስለ ኬዜ ሲጠይቀኝ «ምንም አዲስ ነገር የለም» እለዋለሁ።

ስምምነቱ መጋቢት 10 ቀን 2022 ተፈጸመ። ሁለት ቀን አልቆየም።

መጋቢት 12 ክሪስ ባሲትን ወደ ኒው ዮርክ ሜትስ። ባሲት ኳስ ወርዋሪ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ ቺካጎ ላይ የተመታ ኳስ ፊቱን አግኝቶት ወድቆ በደም ተነክሮ ከሜዳ የወጣ ሰው ነው። የጉንጩ አጥንት ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ለዚያ ቡድን ወርውሯል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው።

መጋቢት 14 ማት ኦልሰንን ወደ አትላንታ። መጋቢት 16 ማት ቻፕማንን ወደ ቶሮንቶ። በሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ ሾን ማኒያን ወደ ሳን ዲዬጎ።

ሰኞ ዕለት ነበር የኦልሰን። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሰምቶ ደወለ፤ እዚህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ ስደተኛ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ፤ ማን ሞተ ብዬ ነው ያነሳሁት። አላለቀሰም። አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። «እምቢ ማለት አይችልም?»

አይችልም። ይህን ለእግር ኳስ ወዳጆች ማስረዳት ያስቸግራል። አርሰናል አንድ ተጫዋች ሊሸጥ ሲፈልግ ተጫዋቹ ከአዲሱ ቡድን ጋር ቁጭ ብሎ በደመወዙ ይደራደራል፤ ካልተስማማ ዝውውሩ ይፈርሳል። ቤዝቦል ላይ ግን ተጫዋቹ ከነኮንትራቱ ነው የሚሄደው። በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት አገልግሎት እስኪሞላው ድረስ ቡድኑ የፈለገበት ይልከዋል። ኮንትራቱ ላይ ካላስጻፈ በቀር እምቢ የማለት መብት የሚያገኘው አሥር ዓመት ሊጉ ውስጥ ቆይቶ፣ የመጨረሻውን አምስት ዓመት ደግሞ እዚያው ቡድን ውስጥ ካሳለፈ ነው። ሚሊየነሮች ናቸውና አታልቅሱላቸው ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም አላለቅስላቸውም። አትላንታ ኦልሰንን ባገኘው ማግስት የስምንት ዓመት የ168 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈረመለት። የተወለደውም እዚያው ጆርጂያ ነው። ለእሱ ደግ ሆነለት። ያዘንኩት ለእሱ አይደለም።

ለአራቱ ሰዎች በምትኩ የመጡት በአብዛኛው ስማቸውን ማንም የማያውቅ ወጣቶች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከእነዚያ መካከል ጥሩ የወጣ አለ። ሼይ ላንገሊየርስ የሚባለው በኦልሰን ልውውጥ የመጣ ልጅ በ2024 ዓ.ም. 29 ሆም ራን መትቷል። ግን ለአሥር ዓመት ልጅ «ከሁለት ዓመት በኋላ ጥሩ የሚሆን ልጅ መጥቷልና መለያህን ቀይር» አይባልም።

እዚህ ኢስሊ ቤዝቦል የሚያውቅ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ብራድ ፒት የሠራበትን «መኒቦል» የተባለውን ፊልም አይቶ ነው ያወቀው። «ይሄ ቡድን እኮ ድሮም እንዲህ ነው፣ ርካሽ ገዝቶ ውድ ይሸጣል፣ ብልህነት ነው» ብሎ ሊከራከረኝ ሞከረ። አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። በ2002 የእነዚያ ሰዎች ብልህነት ሌላው የናቀውን ተጫዋች ፈልጎ ገዝቶ ማሸነፍ ነበር፤ በዚያ ዓመት በተከታታይ 20 ጨዋታ አሸንፈዋል። ታምፓ ቤይም ደሃ ቡድን ነው፤ ይሸጣልም። ግን በ2020 ለፍጻሜ ደርሷል፣ በ2021 ደግሞ 100 ጨዋታ አሸንፏል። ድሃ ሆኖ መሸጥና ለመሸነፍ መሸጥ ይለያያሉ። ኦክላንድ ላይ የሆነው ሁለተኛው ነው።

አዲስም አይደለም። በ1972፣ በ1973 እና በ1974 ሦስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ዋንጫ ያሉትን የወሰደ ቡድን ነበር፤ ባለቤቱ ቻርሊ ፊንሊ በ1976 ሦስቱን ምርጦቹን በጥሬ ገንዘብ ሲሸጥ የሊጉ ኮሚሽነር ለጨዋታው አይበጅም ብሎ ሽያጩን ሰርዞበታል። በ2022 የሚሰርዝ አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነውን በቁጥር ላስቀምጠው። የዓመት ትኬት ዋጋ ጨመረ። ቡድኑ በ2022 102 ጊዜ ተሸነፈ። በ2019 ስታዲየም የገባው ሕዝብ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ2022 ወደ 788 ሺህ ወረደ፣ ከሊጉ የመጨረሻው። በ2022 ታኅሣሥ የቀረውን ምርጥ ተጫዋች፣ ሾን መርፊን፣ እሱንም ወደ አትላንታ ላኩት። በ2023 112 ጊዜ ተሸነፈ። ስታዲየሙም አርጅቷል፤ ፍሳሽ ያፈስሳል፣ የእንግዳው ቡድን የቴሌቪዥን ሰዎች ክፍል ውስጥ ፖሰም የሚባል አውሬ ገብቶ ሰፍሮ ነበር። ከዚያም ባለቤቱ ጆን ፊሸር፣ ወላጆቹ ጋፕ የተባለውን የልብስ ኩባንያ ያቋቋሙት ሰው፣ ወደ ላስ ቬጋስ እሄዳለሁ አለ። ለምን? ከተባለው ምክንያት አንዱ ኦክላንድ ውስጥ ሰው ስታዲየም አይመጣም የሚል ነው።

ወዳጆቼ፣ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ምክንያቱም ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ።

እዚህ ናይሮቢ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ አለ። ብዙዎቻችሁ ተሰልፋችሁበታል። ሰኞና ረቡዕ አማርኛ አስተርጓሚ ነበረው። አንድ ቀን ያለ ማስታወቂያ አስተርጓሚዋ ተነሳች። እናቶች ሄደው በምልክት አውርተው ተመለሱ። አንዲት እናት የልጇን የልብ ሕመም በእጇ ደረቷን እየመታች ልታስረዳ ሞክራ፣ የሆድ ቃጠሎ መድኃኒት የሚያገኙበትን ወረቀት ጽፈው ሰጧት። ሁለተኛ የሄደ የለም፤ ማን ይሄዳል? ከጥቂት ወራት በኋላ ለማኅበረሰብ ተወካዮች በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ወረቀት አውጥቶ አነበበልን። የኢትዮጵያውያን ተገልጋዮች ቁጥር በጣም ስለቀነሰ የአማርኛ አገልግሎት አስፈላጊነቱ አልታየም። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የተሰጠውን ቁጥር ነው ያነበበው። ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ የሚል መስመር ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

የኦክላንድ ደጋፊዎች ለዚህ ነገር ያገኙትን መልስ እወደዋለሁ። ስታዲየም ባለመሄድ ማኩረፍ ባለቤቱን እንደሚጠቅመው ገባቸው። ስለዚህ በተቃራኒው አንድ ቀን መርጠው ሁሉም እንዲመጣ ጠሩ። ሰኔ 13 ቀን 2023፣ ተራ የማክሰኞ ማታ። ቡድኑ ያን ዓመት ከመጀመሪያዎቹ 62 ጨዋታዎች 12 ብቻ ነበር ያሸነፈው። የመጣው ሰው 27,759 ነው። ደጋፊዎቹ በራሳቸው ገንዘብ ያሳተሙትን «ሽጥ» የሚል አረንጓዴ ቲሸርት በነጻ አደሉ፤ ለባለቤቱ ነው፣ ተጫዋች መሸጡን ትተህ ቡድኑን ሽጥ ማለታቸው ነው። በአምስተኛው ኢኒንግ መጀመሪያ ላይ ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቡድኑን ሽጥ» ብሎ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ከአባቱ ጋር እዚያ ነበር፤ በዚያች ሌሊት ዳታዬን አልቆጠብኩም፣ ቪዲዮ ደወለልኝ። የሰማሁት ጩኸት ነው፣ ያየሁት የልጁን አገጭና ሰማይ ነው። 2 ለ 1 አሸነፉ።

አላዳናቸውም። በዚያው ሳምንት ኔቫዳ ለላስ ቬጋሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ገንዘብ የሚመድበውን ሕግ አጸደቀች፣ በኅዳር 30ዎቹም የቡድን ባለቤቶች ያለ አንድ ተቃውሞ ዝውውሩን ፈቀዱ። ግን ከዚያ ማታ በኋላ «ሰው አይመጣም» የሚለውን ሰበብ እንደ በፊቱ አፍ ሞልቶ መናገር ከበደ።

እኛም አደረግነው። አንዳንዶቻችሁ ነበራችሁ፣ ምስክር ናችሁ። ጉዳይ ያለውም የሌለውም፣ በአንድ ረቡዕ ጠዋት ከመቶ በላይ ሰው መታወቂያውን ይዞ ተሰለፈ። ማንም አልጮኸም። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ በአማርኛ ተናገረ፣ የመዝገቡ ሴትዮ የምትጽፈው አጥታ ቀና ብላ ሰልፉን አየችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አስተርጓሚ ተመለሰ፤ ሰኞን አይደለም፣ ረቡዕን ብቻ። ግማሹን ነው ያገኘነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ንዴቴ ልምጣ። ቡድኑ ኦክላንድ ላይ የመጨረሻ ጨዋታውን መስከረም 26 ቀን 2024 አደረገ። 46,889 ሰው ገባ፣ አሸነፉ፣ አለቀ። 1968 ላይ ከካንሳስ ሲቲ የመጣ ቡድን ነው፤ ከዚያ በፊት ፊላዴልፊያ ነበር። እንደኛ ዘዋሪ ነው፤ ልዩነቱ ሲሄድ ማንም ኢንተርቪው አያደርገውም። የላስ ቬጋሱ ስታዲየም እስኪያልቅ ሳክራሜንቶ ትንሽ ሜዳ ላይ እየተጫወተ ነው፤ ስሙ ላይ ከተማ የለም፣ «አትሌቲክስ» ብቻ።

ታዲያ ከኦክላንድ በወጣ በሦስተኛው ወር ምን አደረገ መሰላችሁ? ልዊስ ሴቬሪኖ የሚባል ኳስ ወርዋሪ በሦስት ዓመት 67 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። በቡድኑ ታሪክ እስከዚያ ቀን ትልቁ ኮንትራት። ቀጥሎ ለብሬንት ሩከር የአምስት ዓመት 60 ሚሊዮን፣ ለሎረንስ በትለር የሰባት ዓመት 65.5 ሚሊዮን። ሊጉ ለደካማ ገበያ ቡድኖች ከሚያካፍለው ገንዘብ ድርሻውን እንዳያጣ ደመወዙን ከፍ ለማድረግ ተገድዶ ነው የሚል ተዘግቧል። ይሁን። ተገድዶም ይሁን ወድዶ፣ ማውጣት ይቻል ነበር ማለት ነው። ኦልሰንን ለማቆየት የጠፋው ገንዘብ በሩን ዘግቶ በወጣ በሦስተኛው ወር ተገኘ። ከመጋቢት 2022 ሽያጭ ይልቅ እኔን ያበገነኝ ይህኛው ክረምት ነው። ስፖርት ጸሐፊዎች «በመጨረሻ ጥሩ ክረምት አሳለፉ» ብለው ጻፉ።

የእህቴ ልጅ ዜናውን ላክሁለት፤ አንብቦ ዝም አለ። አሁን ጎረምሳ ነው፣ ብዙ አያወራም። የሳክራሜንቶውን ቡድን አይከታተልም። አትላንታ ሲጫወት ግን ያያል፤ ኦልሰን በ2023 የአትላንታን የሆም ራን ክብረ ወሰን የሰበረ ዕለት ሁለታችንም እኩል ነው የጮኽነው። መለያው ጠቦታል። እህቴ ለታናሹ ልትሰጠው ብትል እምቢ ብሏል።

አሥር ዓመት ሳይሞላው «አጎቴ ስትመጣ ኮሊሲየም እወስድሃለሁ፣ ከመጀመሪያ ቤዝ ጀርባ እንቀመጣለን» ይለኝ ነበር። ጥር 20 ቀን 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም ትእዛዝ ተፈረመ። በረራ ተይዞላቸው ዕቃቸውን ሸጠው የጨረሱ ሰዎች ባሉበት ቀሩ፤ ከእነሱ ሁለቱ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት፣ ፍራሻቸውን መልሰው ገዝተዋል። የእኔም ኬዝ ባለበት ነው። ስለዚህ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብላችሁ በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ፣ ሲኖር እዚሁ እጽፋለሁ፤ በየግላችሁ መመለስ አልቻልኩም።

አዲስ ያለው ይሄ ነው። ያ ቢሮ የሩብ ዓመት ቆጠራውን በዚህ ወር ይዘጋል፤ ባለፉት ሦስት ረቡዕ የሄደው ሰው ደግሞ ትንሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ዝናብ ነበር፣ አውቃለሁ። የፊታችን ረቡዕ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው። መታወቂያችሁን ያዙ፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ያዙት። ሕፃን ያላችሁ እናቶች ከፊት ትሰለፋላችሁ፣ ከበሩ ጠባቂ ጋር ተነጋግረናል። ውሃ ያዙ፣ ሰልፉ ጥላ የለውም።